«በ100 በመቶ አድገናል» የሚል ባነር አይቼ ልጄን ትምህርት ቤት ላዛውራት?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ልጄ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ደሴ ወጥቼ ፒያሳ አካባቢ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ትልቅ ባነር አየሁ፤ ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። የ12ኛ ክፍል አማካይ ውጤታቸው ከ2014 እስከ 2016 ሽቅብ ሲወጣ በግራፍ ያሳያል። ከሥሩ ‹50 በመቶና በላይ ያመጡ ተማሪዎቻችን ቁጥር በ100 በመቶ አድጓል› ይላል። ሁሉንም አሳለፉ ማለት ነው አይደል? ባለቤቴ ግን ‹ግራፍ ከዜሮ ካልተነሳ ውሸት ነው፣ ተይው› ይለኛል። ለ11ኛ ክፍል ወደዚያ ላዛውራት አስቤያለሁ። በየቀኑ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት እየወጣች ትመላለሳለች። ቁጥሩን ልመን ወይስ አልመን? ለወደፊቱስ እንዲህ ያለውን በምን ልለየው?»

መልስ፦ «በ100 በመቶ አደገ» ማለት «እጥፍ ሆነ» ማለት ነው። «ሁሉም አለፈ» ማለት አይደለም። አምና 2 ተማሪ ያለፈለት ትምህርት ቤት ዘንድሮ 4 ቢያልፍለት እድገቱ 100 በመቶ ነው። 40 አልፈውለት የነበረው 80 ቢያልፉለትም እድገቱ ያው 100 በመቶ ነው። የእርስዎ ባነር ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ፎቶውን አጉልቼ ከጥግ እስከ ጥግ ፈለግሁ። ስንት ልጅ እንደተፈተነ፣ ስንት ልጅ እንዳለፈ የሚናገር አንድም ቁጥር አላገኘሁበትም።

ስለዚህ ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ በውሸት ቁጥር አይደለም። እውነተኛ ቁጥር ሲቆረጥና ሲሳል ነው።

ግራፉን እንየው። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ማስመሪያ ስክሪኑ ላይ አስጠጋሁና ለካሁት። የ2014 ባር፣ ማለትም ውጤቱን በቁመቱ የሚያሳየው ዓምድ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። የ2016 ባር 14 ሴንቲ ሜትር። 7 እጥፍ መሆኑ ነው። ባሮቹ አናት ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ቁጥር ሲያነቡ ግን 2014 ላይ 41፣ 2015 ላይ 44፣ 2016 ላይ 47 ይላል። ከ41 ወደ 47 የ6 ነጥብ ጭማሪ ነው። ወደ 15 በመቶ ገደማ። ጥሩ ጭማሪ ነው፣ አላጣጥለውም። ግን ዓይን 7 እጥፍ አየ፣ ቁጥሩ 15 በመቶ ይላል። ልዩነቱ የመጣው ግራፉ ከ40 ስለሚነሳ ነው። ከ0 እስከ 40 ያለው ተቆርጦ ሲጣል ለ41 የቀረው 1 ነው፣ ለ47 የቀረው 7። ዓይንዎ ሲያወዳድር የነበረው 1ን ከ7 ጋር ነው።

ይሄ ምን ያህል እንደሚያዛባ በራሳችን አገር ላሳይዎት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። የሁለቱን ከፍታ በባር ስለን ከ1,800 ብናስነሳው ለኮምቦልቻ 50፣ ለደሴ 700 ይቀራል። ደሴ 14 እጥፍ ከፍ ትላለች። ሐረጎን ለማያውቅ ሰው ይህን ሥዕል ብናሳየው ኮምቦልቻ ሜዳ፣ ደሴ ሰማይ ላይ ይመስለዋል። ከዜሮ ስናስነሳው ግን ደሴ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ትበልጣለች። ቁጥሮቹ በሁለቱም ሥዕል ላይ አንድ ናቸው።

እዚህ ላይ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ነገር ግን «ከዜሮ ያልተነሳ ሁሉ ውሸት ነው» የሚለውን ደንብ ይዘው ከሄዱ ሌላ ስህተት ውስጥ ይገባሉ። ደንቡ የሚሠራው ለባር ነው። ባር የሚናገረው በርዝመቱ ነው፤ ከግርጌው ሲቆረጥ ንግግሩ ይዛባል። የመስመር ግራፍ ግን የሚናገረው በአካሄዱ ነው፣ ወጣ ወይስ ወረደ በሚለው። የትኩሳት መለኪያን ያስቡ። በብብት የሚያዘው የመስታወት ቴርሞሜትር የሚጀምረው ከ35 ነው። ከዜሮ ይጀምር ቢባል 37 እና 39.5 ተጠጋግተው አንድ ይመስላሉ፤ ልጁ በትኩሳት እየነደደ ግራፉ ሰላም ነው ይላል። እንዲህ ባለው ቦታ ዜሮን ማስገባት ነው እውነቱን የሚደብቀው። ባር ካዩ ዜሮውን ይፈልጉ። መስመር ካዩ በጎን ያለውን ቁጥር ያንብቡና «ይህ ልዩነት በኑሮዬ ላይ ትልቅ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። አንድ ነገር ልጨምር። መስመርንም ማጣመም ይቻላል። ግራፉን ከጎንና ከጎን ጨምቀው ወደ ላይ ቢስቡት ቀስ ብሎ የሚወጣው ተራራ ይሆናል። እንደሚለጠጥ ላስቲክ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሥዕሉ ነው። ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የመነሻው ዓመት ነው። ባነሩ ለምን ከ2014 ተነሳ? 2014 ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ማስታወስ አያስፈልግም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጦርነቱ ሁለቱም ከተሞች ገባ። ልጆች ከቤተሰብ ጋር ተሰደዱ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ተዘረፉ። ያ ዓመት ለልጆቻችን የትምህርት ዓመት ነበር ለማለት ይከብዳል። ግራፍ ከዚያ ዓመት ከተነሳ በአካባቢያችን ያለ ማንኛውም ትምህርት ቤት ማለት ይቻላል ሽቅብ ሲወጣ ይታያል። ከጉድጓድ የወጣ ሰው ሜዳ ላይ ቢቆምም ከፍ ብሏል። ስለዚህ ጭማሪው ከትምህርት ቤቱ ጥረት መጣ ወይስ ከሰላሙ መመለስ? ግራፉ ብቻውን አይነግረንም። ይህን ለማወቅ ያው መከራ የደረሰባቸውን የሌሎች ትምህርት ቤቶች ውጤት ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል።

«እንግዲያው ከ2013 ይጀምሩልን» ማለትም ችግሩን አይፈታም። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን የጀመሩት ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ነው። ፈተናው የሚሰጥበት መንገድ ሲለወጥ በፊት የነበረው ውጤትና በኋላ የመጣው አንድ ዓይነት ነገር አይለኩም። ሁለቱን በአንድ መስመር ማያያዝ ስህተት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ገበያ ላይ ዋጋ ሲነግሩን «ስንት ነው?» ብለን አናበቃም፤ «ለስንት ኪሎ?» እንላለን። በመቶኛ ለተነገረ ቁጥርም ያው ጥያቄ አለ፤ «ከስንት?»

በአገር ደረጃ የወጣውን እንውሰድ። ትምህርት ሚኒስቴር እንዳሳወቀው በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰዱት 845,099 ተማሪዎች ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 27,267 ናቸው፤ 3.2 በመቶ። በ2016 የተፈተኑት 674,823፣ ያለፉት 36,409፤ 5.4 በመቶ። ከነዚህ አራት ቁጥሮች ሦስት ዜና መሥራት ይቻላል። አንዱ «የማለፍ ምጣኔ በ67 በመቶ አደገ» ይላል። ሌላው «የማለፍ ምጣኔ በ2.2 ነጥብ ብቻ ጨመረ» ይላል። ሦስተኛው «ያለፉ ተማሪዎች ቁጥር በአንድ ሦስተኛ ጨመረ» ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው። አንዱ ደስ ያሰኛል፣ አንዱ ያሳዝናል፣ አንዱ መሐል ላይ ነው። የትኛው እንደሚነገርዎት የሚወስነው የሚነግርዎት ሰው ነው።

አራተኛውን ግን ማንም አይነግርዎትም። የተፈታኙ ቁጥር በ170,000 ቀንሷል። እነዚያ ልጆች የት ሄዱ? በክልላችን በጸጥታው ምክንያት ብዙ ልጆች ለፈተና እንዳልተቀመጡ ሁላችንም እናውቃለን። ያልተፈተነ ልጅ መቶኛው ውስጥ የለም። አላለፈም፣ አልወደቀም፤ ከሒሳቡ ወጥቷል። እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ግራፍ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው በውስጡ የሌለውን ሰው ነው።

ይህንኑ ወደ ትምህርት ቤቱ እናምጣው። ክፍል ውስጥ 10 ልጆች አሉ እንበል። ውጤታቸው 70፣ 60፣ 55፣ 50፣ 45፣ 40፣ 35፣ 30፣ 25፣ 20 ነው። አማካዩ 43 ነው። 50 እና በላይ ያመጡት 4 ናቸው፤ 40 በመቶ። አሁን የመጨረሻዎቹ ሦስት ልጆች ከፈተናው በፊት ሌላ ቦታ ሄዱ እንበል። አንዱ መልቀቂያ ወሰደ፣ ሌላው ከዚያው ክፍል ወጥቶ በግል ተመዝግቦ ተፈተነ፣ ሦስተኛው አቋረጠ። የቀሩት 7 ልጆች አማካይ 51 ገደማ ሆነ። የማለፍ ምጣኔውም 57 በመቶ ደረሰ። ልብ ይበሉ፣ አንድም ልጅ አንዲት ነጥብ አልጨመረም። አንድም መምህር አንድ ክፍለ ጊዜ አልጨመረም። ግራፉ ግን ወደ ላይ ወጣ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ራስዎ ይሥሩት፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ባነሩን ያሠራው ትምህርት ቤት እንዲህ አድርጓል እያልኩ አይደለም። አላውቅም፣ እርስዎም አያውቁም፣ ባነሩም አይነግረንም። በመግቢያ ፈተና ጎበዝ ጎበዙን ለቅሞ የሚቀበል ትምህርት ቤትም አለ። እሱም ጥሩ ውጤት ያሳያል። ውጤቱ ግን ልጆቹ ይዘውት የመጡት እንጂ እዚያ ያገኙት ላይሆን ይችላል። የእርስዎ ጥያቄ ደግሞ «ጎበዝ ልጆች የት ይማራሉ?» የሚል አይደለም። «የኔ ልጅ እዚያ ብትሄድ ምን ትጠቀማለች?» ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ይለያያሉ።

አማካይም ብቻውን አይበቃም። 47 አማካይ ሁሉም ልጅ 47 አካባቢ ሲሆን ይመጣል፤ ጥቂቶቹ 80 አምጥተው ብዙዎቹ 35 ላይ ሲቀሩም ይመጣል። ለመካከለኛ ተማሪ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ይሻላል። ስለዚህ ውጤቱን በደረጃ በደረጃ ይጠይቁ። ከ50 በላይ ስንት፣ ከ40 እስከ 50 ስንት፣ ከዚያ በታች ስንት።

«ለወደፊቱ በምን ልለየው?» ላሉት፣ ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚያጋጥምዎትን ልንገርዎት። ትልቁ የዋጋ ንረት ዜና ነው። «የዋጋ ንረት በግማሽ ቀነሰ» ሲባል ብዙ ሰው «ታዲያ ጤፉ ለምን አልረከሰም?» ብሎ ይናደዳል፤ ዜናውን ውሸት ይለዋል። ንረት ፍጥነት ነው። የመኪና ፍጥነት ከ80 ወደ 40 ሲወርድ መኪናው ወደ ፊት መሄዱን አያቆምም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ለምሳሌ ያህል አንድ ኩንታል ጤፍ 10,000 ብር ነበር እንበል። በመጀመሪያው ዓመት በ30 በመቶ ጨምሮ 13,000 ገባ። በሁለተኛው ዓመት በ15 በመቶ ጨመረ። ንረቱ በግማሽ ቀንሷል፣ እውነት ነው። ጤፉ ግን 14,950 ገብቷል። ሰኞ ገበያ የሄደች እናት የምትከፍለው 14,950ውን ነው። ዜናውም ልክ ነው፣ እናትየዋም ልክ ናት። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዜና ሲሰሙ «የቀነሰው ዋጋው ነው ወይስ የጭማሪው ፍጥነት?» ይበሉ።

ሌላው የኛው አገር ጣጣ የዘመን አቆጣጠር ነው። ግራፍ ላይ «2015» ተብሎ ሲጻፍ የማን 2015 ነው? የኛ ከሆነ የቅርብ ጊዜ ነው። የፈረንጅ ከሆነ በኛ 2007 እና 2008 ነው። ከውጭ ድርጅት ሪፖርት ተቆርጦ ቴሌግራም ላይ የሚዞር ግራፍ ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ነው፤ ያየው ሰው ግን በኛው ያነበዋል። የሰባት ስምንት ዓመት ስህተት ማለት ነው። «ከሕዝቡ ይህን ያህል በመቶ» የሚል ነገር ሲያዩ ደግሞ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተደረገው በኛ አቆጣጠር በ1999 መሆኑን ያስታውሱ። ከዚያ ወዲህ የሚነገረው የሕዝብ ብዛት ግምት ነው። ግምቱ በባለሙያ የተሠራ ቢሆንም ቆጠራ አይደለም። ለአንዲት ከተማ ሲሆን፣ በተለይም ተፈናቃይ ብዙ ለገባባትና ለወጣባት ከተማ፣ ስህተቱ ይሰፋል።

ቴሌግራም ላይ «ይህን ትምህርት ቤት ይመርጣሉ?» ተብሎ የሚሰበሰብ ድምፅን እንደ ጥናት አይቁጠሩት። የሚመልሰው የፈለገ ሰው ነው፤ በተለይ የቻናሉ ወዳጅ። የመላሹ ብዛትም አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ አንድ ታዋቂ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ሰዎች መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ አገኘ። ከተወዳዳሪዎቹ ላንደን ያሸንፋል ብሎ ጻፈ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። መጽሔቱ ስም የሰበሰበው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር። በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ሰው ደግሞ ከሌላው የተለየ ሰው ነው። ሁለት ሚሊዮን ሰው መልሶም መሳሳት ይቻላል፤ ከተሳሳተ ቦታ ከጠየቁ።

ፓይ ቻርት የሚባለው ባለ ቁራሽ ክብ ግራፍ ተጋድሞ ዳቦ መስሎ ሲሳል ወደ እርስዎ የቀረበው ቁራሽ ትልቅ ይመስላል፤ ቁጥሩን ብቻ ያንብቡ። በግራ አንድ መለኪያ፣ በቀኝ ሌላ መለኪያ ያለው ባለ ሁለት መስመር ግራፍ ካጋጠመዎትም መስመሮቹ የተገናኙበትን ቦታ ከምንም አይቁጠሩት። ሠሪው በፈለገው ቦታ ሊያገናኛቸው ይችላል።

አንድ ነገር በጣም እፈራለሁ። እንዲህ ያለውን ካወቀ በኋላ «ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው» ብሎ የሚቀመጥ ሰው አለ። ከዚያ በኋላ የሚመራው በወሬ ነው። እሱ ከባነሩ የባሰ ነው። ቁጥር ባይኖር ኖሮ እኔም አሁን ለእርስዎ ከወሬ የተሻለ የምነግርዎት ነገር አይኖረኝም ነበር።

እንግዲህ ውሳኔው። በዚህ ባነር ተመሥርተው ልጅዎን አያዛውሯት። ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደው ርዕሰ መምህሩን ያነጋግሩ። የሚጠይቁት ይህን ነው፦ 9ኛ ክፍል ስንት ልጅ ገባ? ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ 12ኛ ክፍል እናንተው ጋ ደረሰ? ስንቱ በትምህርት ቤቱ ስም ተፈተነ? ስንቱ 50 በመቶና በላይ አመጣ? የአንድ ዓመት ሳይሆን የሦስት አራት ዓመት። በመቶኛ ከነገሩዎት አይቀበሉ፤ በሰው ቁጥር ይንገሩኝ ይበሉ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ክፍያው ከእርስዎ ኪስ ነው፣ ልጅቷም የእርስዎ ናት። ከዚያ ኮምቦልቻ አሁን የምትማርበት ትምህርት ቤት ሄደው ያንኑ አራት ጥያቄ ይጠይቁ። ይህን ብዙ ወላጅ ይዘለዋል። የአንዱን ብቻ ይዞ ማወዳደር አይቻልም።

ቁጥሮቹን ሲያገኙም ጥንቃቄ አለ። ተፈታኞቹ 20 ከሆኑ አንድ ልጅ ብቻውን 5 በመቶ ነው። በዚህ ብዛት ያላፊው ቁጥር በ2 ወይም በ3 ልጅ ከፍ ዝቅ ቢል ያለ ነገር ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ጥራት ጋር ላይገናኝ ይችላል። አንድ ዓመት 8፣ በሚቀጥለው 10 ቢያልፉ አይደነቁ። ከ9ኛ ክፍል ከገቡት ግማሹ 12ኛ ክፍል ካልደረሱ ግን የማለፍ ምጣኔው የቱንም ያህል ቢያምር «ሌሎቹ የት ሄዱ?» ይበሉ፤ መልሱን ሳይሰሙ አይነሱ።

ለራስዎም አንድ ቁጥር ይያዙ፤ እሱ ባነር ላይ የለም። አንድ የትምህርት ቀን ጠዋት ልጅዎን ይዘው ከቤትዎ በር እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሰዓት ይያዙ። ታክሲ ጥበቃውንም ይቁጠሩ፣ ማታ መመለሻውንም እንዲሁ። ደርሶ መልሱ በቀን 2 ሰዓት ከሆነ በሳምንት 10 ሰዓት ነው። 10 ሰዓቱ የሚወጣው ከጥናቷና ከእንቅልፏ ነው። የደሴው ትምህርት ቤት አራቱን ጥያቄ በግልጽ መልሶ፣ ከአሁኑ ትምህርት ቤቷ በጉልህ ተሽሎ፣ ይህን 10 ሰዓት የሚያካክስ ከሆነ ያዛውሯት። ቁጥሩን መስጠት ካልፈለጉ ወይም ልዩነቱ የሁለት ሦስት ልጅ ከሆነ እዚያው ኮምቦልቻ ትማር። ለመንገዱ የሚያወጡትን ገንዘብ ለሚከብዳት ትምህርት አስጠኚ ይክፈሉበት።